ጥንታዊቷ እስክንድርያ የት ገባች?

ሰባራ ገል (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሮም ላይ ኮሎሲየም፣ አቴና ላይ ፓርቴኖን አለ፤ ከሩቅ ይታያል። እስክንድርያ ግን ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ ግብፅን የገዙት የበጥሊሞሶች መናገሻ፣ ከዚያም በሮም ግዛት ውስጥ ከሮም ቀጥላ የምትጠራ ከተማ ሆና ሳለ፣ ፎቶዎቿን ሳይ ከአንድ ረጅም ዓምድና ባሕር ዳር ከቆመ ምሽግ በቀር ጥንታዊ ነገር አላይም። ምሽጉም ቢሆን የ15ኛው መቶ ዘመን ነው።

ሦስት ነገር ግራ አጋብቶኛል። የዚያ ሁሉ ሕንፃ ድንጋይ የት ገባ? ከተማዋ በሰሜን ባሕር፣ በደቡብ ሐይቅ ነው ያላት፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ምን ይጠጣ ነበር? የቤተ መጻሕፍቱን መቃጠል ደግሞ አንዱ በቄሣር፣ አንዱ በክርስቲያኖች፣ ሌላው በዐረቦች ያላክካል፤ የቱን ልመን?

ዘመኑን እባካችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉልኝ፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ይምታታብኛል።

ደለል

የድንጋዩን ጥያቄ እኔ ልያዘው። ድንጋዩ አልጠፋም፤ ተበትኗል። የገባባቸው ቦታዎችም በአብዛኛው ይታወቃሉ።

የመጀመሪያው ባሕሩ ነው። የነገሥታቱ ሰፈር የነበረው በምሥራቁ ወደብ ዙሪያ ሲሆን መሬቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ ዝቅ ብሎ ዛሬ ከባሕር ወለል በታች በርካታ ሜትር ላይ ይገኛል። ለመስጠሙ አንድ ምክንያት ብቻ አትፈልግ። ከሥር ያለው የአባይ ደለል በራሱ ክብደት ይታመቃል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ይመታዋል፣ የባሕሩም ወለል ከፍ ብሏል። ሐምሌ 21 ቀን 365 (አንተ ባልከው አቆጣጠር፣ ጁላይ ማለቴ ነው) ከቀርጤስ ምዕራብ በኩል የተነሣው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሱናሚ አስከትሎ ነበር። በዘመኑ የነበረው አሚያኖስ ማርቄሊኖስ እንደጻፈው ባሕሩ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሸሽቶ ወለሉ ታየ፤ ቀጥሎ ተመልሶ መርከቦችን የቤት ጣሪያ ላይ አስቀመጠ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ፍራንክ ጎዲዮ የመራው ቡድን የምሥራቁን ወደብ ወለል ሲለካ አንቲሮዶስ የተባለችውን የቤተ መንግሥት ደሴት ከነወደቧ አግኝቷታል።

ሁለተኛው ዛሬ የሚኖርበት ከተማ ራሱ ነው። በ1800 ገደማ እስክንድርያ ከ10,000 ያነሰ ሰው የሚኖርባት የተጎሳቆለች ወደብ ነበረች። የግብፅ ገዥ መሐመድ ዓሊ በ1820 የማሕሙዲያን ቦይ ካስቆፈረ በኋላ ግን በፍጥነት አደገች፤ በ1897 ቆጠራ ከ300,000 አልፋ ተገኘች። መሠረት የሚቆፍር ሁሉ ጥርብ ድንጋይ ሲያገኝ እዚያው ግድግዳው ላይ ይሰካዋል፤ እብነ በረዱን ደግሞ ወደ ኖራ እቶን ይልከዋል። እብነ በረድ ሲቃጠል ኖራ ይሆናልና፣ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ያሉ ብዙ ሐውልቶች ያለቁት በጦርነት ሳይሆን እንዲህ ግንበኛ በልቷቸው ነው። ሮም በመሃሏ ሰፊ ባዶ መሬት ስለነበራት ፍርስራሿ ተረፈ። እስክንድርያ ግን በባሕርና በሐይቅ መካከል ያለች ቀጭን ወገብ ናት፤ አዲሱ ከተማ ከአሮጌው ላይ ከመቀመጥ ሌላ ቦታ አልነበረውም።

ሦስተኛው የሌሎች ከተሞች አደባባይ ነው። «የክሊዮፓትራ መርፌ» የሚባሉት ሁለት ሐውልቶች አንዱ በ1878 ለንደን፣ ሌላው በ1881 ኒው ዮርክ ላይ ቆሙ። እነሱም ቢሆኑ መጀመሪያ የእስክንድርያ አልነበሩም፤ ሣልሳዊ ቱትሞስ ሄሊዮፖሊስ ላይ ያስቆማቸውን አውግስጦስ ነው ያመጣቸው። ከክሊዮፓትራ ጋር የሚያገናኛቸው ስማቸው ብቻ ነው። ፎቶ ላይ ያየኸው ዓምድም «የፖምፔ ዓምድ» ይባላል እንጂ ለንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ክብር የቆመ ነው፤ ከአስዋን ቀይ ግራናይት የተሠራ፣ ከነመሠረቱ 27 ሜትር ገደማ። በዚያች ከተማ የሐውልት ስም አትመን።

የሚታይ ነገር ከፈለግህ ኮም ኤል ዲካ አለ። ከ1960 ጀምሮ የፖላንድ አርኪዮሎጂስቶች የቆፈሩት ሲሆን፣ ትንሽ የእብነ በረድ ቲያትርና ከአጠገቡ ተራ በተራ የተደረደሩ ከሃያ ያላነሱ የመማሪያ አዳራሾች ተገኝተውበታል። በሦስት በኩል የተማሪ መቀመጫ፣ መሃሉ ላይ የመምህሩ ወንበር። ከሕንፃ የተረፈውን የሊቃውንት ከተማ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። አዳራሾቹ ግን ከ5ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ያገለገሉ ናቸው፤ የበጥሊሞሶችን ዘመን ቤተ መጻሕፍት አየሁ ብለህ እንዳትመለስ።

የውኃ ልክ

ውኃው ከአባይ ነበር የሚመጣው። የአባይ ምዕራባዊ ክንድ (የካኖፐስ ክንድ የሚባለው፣ ዛሬ የደረቀ) ላይ ስኬዲያ ከምትባል ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ ተቆፍሮ ወደ ከተማዋ ገባ። ከዋናው ቦይ የመሬት ውስጥ ቅርንጫፎች ወጥተው በየቤቱ ሥር ያሉትን የውኃ ማጠራቀሚያዎች ይሞሉ ነበር። ዋናው የመሙያ ጊዜ አባይ ይሞላበት የነበረው የክረምቱ ማብቂያ ነበር፤ የዓመቱ ውኃ ይገባ የነበረው ያኔ ነው።

ማጠራቀሚያው ሁለት ሥራ አለው። ውኃ ማኖር አንዱ ሲሆን ሁለተኛው ማጥለል ነው። የሙላት ውኃ ቡና መስሎ ነው የሚገባው፤ ከገባ በኋላ ሳይነቃነቅ ሲቀመጥ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለው ይጠራል። ስለዚህ ቀጂው ከላይ ነው የሚቀዳው፤ ከሥር የነካ ጭቃ ያወጣል። ደለሉ በየጊዜው ካልተጠረገ ደግሞ የሚይዘው ውኃ ከዓመት ዓመት ይቀንሳል፣ የመግቢያው ቱቦም ይደፈናል። ግድግዳው የሚለሰነው ኖራ ከተፈጨ ሸክላ ጋር ተደባልቆ ነው። የሸክላው ዱቄት ልስኑን እርጥበት ውስጥ እንዲጠነክር ያደርገዋል፤ ኖራ ብቻውን ውኃ ውስጥ አይዝም።

ዛሬ ገብተው የሚያዩት ኤል ነቢህ የሚባለው ማጠራቀሚያ ነው። ሦስት ፎቅ ዓምድ አንዱ በሌላው ላይ ቆሞ፣ በቅስት ተያይዞ። ዓምዶቹን አስተውል፤ ውፍረታቸው አይገጥምም፣ የራስ ቅርጻቸውም የተለያየ ነው፤ ከፈረሱ ሕንፃዎች የተለቀሙ ናቸውና። ደለል ላለው ይሄንን ጨምሩበት፤ ድንጋዩ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ሄዷል።

የዚህ አሠራር ድክመት በ48 ማብቂያና በ47 ቅ.ል.ክ. መጀመሪያ በጦርነት ታየ። ዩሊዮስ ቄሣር ቤተ መንግሥቱ ሰፈር ውስጥ ተከቦ ሳለ የተቃዋሚዎቹ አዛዥ ጋኒሜዲስ ከላይ ያሉትን ቦዮች ዘጋና በመንኰራኩርና በመሣሪያ የባሕር ውኃ እያስቀዳ ወደ ቄሣር በኩል ለቀቀው። በመጀመሪያ በቅርቡ ካሉት ቤቶች የሚቀዳው ውኃ ጨው ጨው አለ፤ ቀጥሎ ጭራሽ የማይጠጣ ሆነ፤ በታች በኩል ያለው ግን ገና ጣፋጭ ነበር። ወታደሩ ደነገጠ። ቄሣር ሌላ ሥራ ሁሉ አስቁሞ ሌሊቱን ሙሉ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ጣፋጭ ውኃም ተገኘ።

ይህ ተአምር አይደለም። በባሕር ዳር አሸዋና ድንጋይ ውስጥ የዝናብ ውኃ ከጨዋማው ላይ ይንሳፈፋል፤ ጨዋማው በ2.5 በመቶ ያህል ይከብዳልና። ስሌቱ ቀላል ነው። የጣፋጩ ውኃ ገጽ ከባሕር ወለል 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ከወለሉ በታች ደግሞ ወደ 40 ሜትር ይወርዳል። የሚበላሸውም በዚሁ ሒሳብ ነው። ብዙ ቀድተህ ገጹን 1 ሜትር ብታወርደው ጨዋማው ከሥር እስከ 40 ሜትር ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ጉድጓድ ለተከበበ ሠራዊት ለተወሰነ ጊዜ ይበቃል፤ ሙሉ ከተማ ግን በጉድጓድ አይኖርም። ቦዩ ደለል በሞላው ቁጥር ከተማዋ የተመናመነችው፣ ማሕሙዲያ ሲቆፈር ወዲያው ያበጠችው ለዚህ ነው። የእስክንድርያን ታሪክ በነገሥታት ከማንበብ በቦይ ማንበብ ይሻላል፤ ይሄ የኔ አስተያየት ነው።

ሰባራ ገል (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ፋሮስ ማማ (ለመርከቦች እሳት ይበራበት ስለነበረው) ግን ማንም አላነሳም። ብርሃኑ ከ300 ስታዲየን ርቀት ይታይ ነበር የሚል አንብቤያለሁ፤ ይሄ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እውነት ነው ወይስ የተጋነነ?

የጠጠር ዳር

ቁጥሩ የዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ዘመዶች የሚጠቅሱት የአይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ የፍላዊዮስ ዮሴፍ ነው። መርምረን እንየው። ምድር ክብ ስለሆነች የአንድ ከፍታ የእይታ ወሰን በኪሎ ሜትር 3.57 ሲባዛ በከፍታው ስኩዌር ሩት (ከፍታው በሜትር) ነው። ማማው ቢያንስ 100 ሜትር ነው ብለን ብንነሣ 35.7 ኪሎ ሜትር ይሰጠናል። መርከበኛው ግን ባሕሩ ላይ ተኝቶ አይደለም የሚያየው። ዓይኑ ከውኃው 4 ሜትር ከፍ ካለ 7 ኪሎ ሜትር ይጨመራል፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ 15 ሜትር ከደረሰ 14 ይጨመራል። ጠቅላላው ከ43 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ነው። አየር ብርሃንን በትንሹ ወደ ታች ስለሚያጎብጠው ከዚህ ላይ ጥቂት በመቶ ይጨመራል። እንግዲህ 55 ኪሎ ሜትር ከምሰሶ ጫፍ፣ አየሩ በጠራበት ሌሊት ጫፍ ላይ የደረሰ ቁጥር ነው፤ የተፈጠረ ግን አይመስልም። ልብ በል፣ ይህ የሚለካው ምድር መከለሏን ብቻ ነው። እሳቱ ራሱ በዚያ ርቀት ይበቃ ነበር ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ቀን ላይ ደግሞ ማማውና ጢሱ ነበር ምልክቱ። የዴልታው ዳርቻ ዝርግ ስለሆነ ተራራ የለውም፤ መርከበኛ የት እንዳለ ሳያውቅ ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ይቀመጣል። ማማው የተሠራው ለጌጥ አልነበረም።

አሠራሩ ሦስት ደረጃ ነው፤ ታችኛው አራት ማዕዘን፣ መካከለኛው ስምንት ማዕዘን፣ የላይኛው ክብ። የተጠናቀቀው በዳግማዊ በጥሊሞስ ጊዜ፣ በ280 ቅ.ል.ክ. አካባቢ ሲሆን ስሙ የሚነሣው የክኒዶሱ ሶስትራቶስ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ወጪውን 800 ታላንት ይለዋል።

ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ በአንድ ጊዜ ግን አይደለም። በ956 ተጎዳ፣ በ1303 ክፉኛ ተመታ። ተጓዡ ኢብን ባቱታ በ1326 ሲያየው አንድ ጎኑ ፈርሶ ነበር፤ በ1349 ሲመለስ በሩ ድረስ መድረስ እንኳ አልተቻለም። በ1477 ሱልጣን ቃይትባይ ምሽጉን እዚያው መሠረት ላይ ጀመረ። አንተ «ምሽጉም የ15ኛው መቶ ዘመን ነው» ብለህ ያለፍከው ማለት ነው፤ ፋሮስ ቆሞ የነበረው እሱ ጋ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ምሽጉን ከማዕበል ለመከላከል የኮንክሪት ብሎክ ባሕር ውስጥ ሲጣል ከሥር ያለው ቅርስ ጉዳይ ተነሣና በ1994 ዣን ኢቭ አምፐረር የመራው ቡድን ጠለቀ። ከምሽጉ ሥር ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ የድንጋይ ቁራጭ መዘገቡ፤ ስፊንክስ፣ ዓምድ፣ የሐውልት ቁራጭ። አንዳንዱ የግራናይት ድንጋይ እስከ 75 ቶን ይገመታል። ይህን ያህል የሚከብድ ከማማው ሌላ የማን ሊሆን ይችላል? ሆኖም የወደቀው ሁሉ የፋሮስ አይደለም፤ ወደቡን ለጠላት መርከብ ለመዝጋት ሆን ተብሎ የተጣለ ዓምድም አለበት።

ብራና

ቤተ መጻሕፍቱን በአጭሩ። አንድ ቀን፣ አንድ እሳት፣ አንድ ጥፋተኛ ብለህ ከፈለግህ አታገኝም።

በ145 ቅ.ል.ክ. ሳምናዊ በጥሊሞስ ሊቃውንቱን ከከተማዋ አባረረ፤ እኔ ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው ባይ ነኝ። የፓፒረስ ጥቅል እየተገለበጠ ካልታደሰ በእርጥብ የባሕር አየር ይበሰብሳል፤ ገልባጭ የሌለው ቤተ መጻሕፍት ደግሞ እሳት አያስፈልገውም። በ48 ቅ.ል.ክ. ቄሣር መርከቦቹን ሲያቃጥል እሳቱ ወደብ አካባቢ ያለ መጽሐፍ ነክቷል፤ የተቃጠለው መጠን ላይ ጥንታውያኑ ራሳቸው አይስማሙም፤ አንዱ 40,000 ይላል፣ ሌላው ወደ 700,000 ያደርሰዋል። በ272 ገደማ የሮም ንጉሠ ነገሥት አውሬሊያኖስ ከተማዋን ሲያስመልስ የቤተ መንግሥቱ ሰፈር ፈረሰ። በ391 በጳጳሱ በቴዎፍሎስ ዘመን የፈረሰው ሴራፔዮን ነው፤ እሱ ቤተ ጣዖት ሲሆን በአንድ ወቅት የዋናው ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍ ነበረበት፤ በዚያ ዓመት መጻሕፍት ይኑሩበት አይኑሩበት የዓይን ምስክሮቹ አልተናገሩም። ዐረቦቹ መጻሕፍቱን ለገላ መታጠቢያ ቤት ማገዶ አደረጉ የሚለው ወሬ ደግሞ ከነገሩ አምስት መቶ ዓመት ቆይቶ ነው የተጻፈው፤ ተወው።

የተረፈው ግን ትንሽ አይደለም። ሰብአ ሊቃናት የሚባለው የብሉይ ኪዳን የግሪክኛ ትርጉም የዚያች ከተማ ሥራ ነው፤ የግእዝ ብሉይ ኪዳን ከእሱ ነው የተቀዳው።

ወንበርና አበቅቴ

ጠያቂው «በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉልኝ» ሲል ፈገግ አልኩ፤ ሁለቱም አቆጣጠር ወደ እስክንድርያ ደጃፍ የሚያደርስ መንገድ ነውና።

የግብፅ ዓመት ልክ 365 ቀን ስለነበር በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይንሸራተት ነበር። በ238 ቅ.ል.ክ. ካኖፐስ ላይ የተሰበሰቡ ካህናት በሣልሳዊ በጥሊሞስ ዘመን በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን ይጨመር ብለው ወሰኑ፤ ሕዝቡ አልተቀበለውም። አውግስጦስ ግብፅን ከያዘ በኋላ ነው የጸናው። ጳጉሜን የሚለው ስም ራሱ «ተጨማሪ» ከሚል ግሪክኛ የመጣ ነው። የዓመቱ መጀመሪያም በዩልዮስ አቆጣጠር ኦገስት 29 ሆነ፤ የእኛ መስከረም 1 ያው ነው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ዛሬ ሴፕቴምበር 11 የሚውለው ሁለቱ በ13 ቀን ስለተራራቁ ነው።

ሰባት ስምንት ዓመቱ ደግሞ እንዲህ ነው። በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ ከዓለም ፍጥረት እስከ ሥጋዌ 5500 ዓመት ቆጠረ፤ የእኛ አቆጣጠር የያዘው ይህን ነው። በ525 ሮም ላይ ዲዮናስዮስ የተባለው መነኩሴ የእስክንድርያውን የቄርሎስን የፋሲካ ሠንጠረዥ ሲቀጥል፣ በአሳዳጁ በዲዮቅልጥያኖስ ስም መቁጠሩን ጠልቶ የራሱን ዓመተ እግዚእ አስገባ፤ የዲዮቅልጥያኖስን 248ኛ ዓመት 532 አለው። ፈረንጁ እስከ ዛሬ የሚቆጥረው በዚያ ነው።

የፋሲካው ስሌት ራሱ አልተለወጠም። በእኛ አቆጣጠር የ2017ን እንሥራው። 5500 ደምር፤ 7517። ለ19 አካፍል፤ ቀሪው 12። አንድ አትት (ቀንስ)፤ የሚቀረው ወንበር ይባላል፤ 11። ወንበርን በ11 አባዛና 30 ግደፍ (በ30 አካፍለህ ቀሪውን ያዝ)፤ 121፣ ቀሪው 1፤ ይህ አበቅቴ ይባላል። ወንበርን በ19 አባዛና 30 ግደፍ፤ 209፣ ቀሪው 29፤ ይህ መጥቅዕ፣ የበዓለ መጥቅዕ ቀን ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ካልመጡ ተሳስተሃል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ 14 ራሱ አይመጣም። መስከረም 29 ቀን 2017 ረቡዕ ነው። የዕለት ተውሳክ (በዓሉ እንደዋለበት ዕለት የሚጨመረው ቁጥር) ለቅዳሜ 8፣ ለእሑድ 7፣ ለሰኞ 6፣ ለማክሰኞ 5፣ ለረቡዕ 4፣ ለሐሙስ 3፣ ለዓርብ 2። 29 እና 4 ሲደመሩ 33፤ 30 ሲገደፍ 3።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። መጥቅዕ በመስከረም ከዋለ ጾመ ነነዌ በጥር ይገባል ብሎ «ጥር 3» ይጽፋል። ድምሩ 30 ካለፈ ወር ይሻገራል፤ የካቲት 3 ነው። ከዚያ ሁለት ወርና 9 ቀን ስትቆጥር ሚያዝያ 12፤ ፋሲካ።

ሌላው ስሕተት ለ19 ሲካፈል ቀሪ ሲጠፋ ነው። ቀሪ ከሌለ ወንበር 18 ነው እንጂ ዜሮ አይደለም፤ ወንበር ዜሮ የሚሆነው ቀሪው 1 ሲሆን ነው፣ ያኔ መጥቅዕ 30 ይባላል።

ሰባራ ገል (ጠያቂ)

2018ን ሞከርኩ። ወንበር 12፣ አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18። ዓመቱ ሐሙስ ስለገባ ተውሳኩ 3፣ ነነዌ ጥር 21። ልክ ነኝ?

ወንበርና አበቅቴ

እስከ መጥቅዕ ልክ ነህ። ተውሳኩ ግን የዓመቱ መግቢያ ዕለት ሳይሆን የመጥቅዑ ዕለት ነው። መስከረም 1 ሐሙስ ከሆነ መስከረም 18 እሑድ ነው፤ ተውሳኩ 7። 18 እና 7 ሲደመሩ 25፤ 30 ስላላለፈ ጥር 25። ፋሲካ ሚያዝያ 4። ለወደፊቱ መፈተኛህ ይሁን፤ ጾመ ነነዌ ምንጊዜም ሰኞ ነው የሚገባው፤ ያንተ ጥር 21 ሐሙስ ነበር።

የጠጠር ዳር

እኔም የራሴን ላርም። ከላይ «የዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ዘመዶች» ያልኩት ያምታታል፤ ወልደ ኮርዮን ተብሎ የሚታወቀው መጽሐፍ በመካከለኛው ዘመን የተዘጋጀ ነው። የ300 ስታዲየኑ ቁጥር ያለው የመጀመሪያው መቶ ዘመን ሰው ፍላዊዮስ ዮሴፍ ስለ አይሁድ ጦርነት በጻፈው ውስጥ ነው።